ሆድ ያባውን ያለ ብቅል መናገር
ከሱስ በማገገም ላይ ያሉ ወገኖች ልባቸውን የሚከፍቱላቸው ሰዎች ስለ መሆን ለቆቦና ለራያ ቆላ አጥቢያዎች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የተሰበሰብነው የሱስን ጎጂነት ለመዘርዘር አይደለም። አረቄ ትዳር እንደሚያፈርስ፣ ጫት ጊዜንና ጥሪትን እንደሚበላ በቆቦ ገበያ የሚውል፣ በሮቢትና በጎብዬ መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሁሉ ያውቀዋል። በሱስ የተያዘው ሰው ደግሞ ከማንኛችንም በላይ ያውቀዋል፤ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲገላበጥ የኪሳራውን ሒሳብ የሚሠራው እርሱ ነውና። የዛሬው ጉዳያችን ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሰውየው «ይብቃኝ» ብሎ በተነሣ ማግሥት ማንን ያምናል? ልቡን ለማን ይከፍታል? እኛስ ልቡን ሊከፍትልን የሚችል ሰዎች ሆነን እንገኛለን ወይ?

ይህን ጥያቄ ያነሣነው በብዙ አጥቢያዎች አንድ ዓይነት ነገር ስለሚታይ ነው። አንድ ሰው ተስሎ፣ ወይም ሱባዔ ገብቶ፣ ወይም በሽማግሌ ተለምኖ መጠጥ ያቆማል። ቤተሰቡም ጎረቤቱም ደስ ይለዋል። ጥቂት ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን ያ ሰው ከማኅበር ይቀራል፤ የነፍስ አባቱን በሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል፤ ቀጥሎም በቀድሞ ቦታው ተቀምጦ ይገኛል። ያን ጊዜ «ስእለቱን አፈረሰ» ይባላል። ከዚያች ከመጀመሪያዋ መለኪያ በፊት ግን ብዙ ቀናት አልፈዋል። በነዚያ ቀናት ምኞቱ በርትቶበታል፤ ፈርቷል፤ አፍሯል፤ ለአንድ ሰው እንኳ ግን አልተናገረም። ውድቀቱ የጀመረው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰውን ከሱስ ለማውጣት የሚደክም ሁሉ ስለ መጠጡ ከሚጠይቀው ያላነሰ ስለ ዝምታው ሊጠይቅ ይገባል።

ዝምታው ከየት ይመጣል?

ሱስ በባሕርዩ መደበቅን ያስተምራል። የጤፍና የማሽላ ሽያጭን ከተገኘው አሳንሶ ለሚስት መንገር፣ ለዘር የተቀመጠውን እህል በማታ ማውጣት፣ የአፍን ሽታ በቅርንፉድ ማጥፋት፣ ገረባውን ከቤት ርቆ መጣል፣ ብድርን በሌላ ብድር መሸፈን፤ ይህ ሁሉ ከጊዜ ብዛት እንደ ሙያ ይሆናል። ሰውየው መጠጡን በአንድ ቀን ሊያቆም ይችል ይሆናል፤ የመደበቅ ልማዱ ግን በአንድ ቀን አይለቀውም። ካቆመም በኋላ እንዴት ነህ ሲሉት «ደኅና ነኝ» ይላል። ደኅና ሳይሆኑ ደኅና ነኝ ማለት ለዓመታት የኖረበት ቋንቋ ነውና።

ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። በራያ ሰው በወኔውና በቃሉ ይመዘናል። ወንድ ልጅ ፈራሁ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ሌሊት አለቀስኩ ማለትን አልለመደም። በሴት ላይ ሲሆን ዕፍረቱ እጥፍ ይሆናል። አረቄ እያወጣች ልጆቿን የምታሳድግ እናት ከምትሸጠው ራሷ መጎንጨት ስትጀምር፣ ጎረቤት ከሚያውቅባት ብቻዋን ብትጠፋ ትመርጣለች።

ሦስተኛው የስደት ቁስል ነው። ከዚህ አካባቢ ብዙ ወጣቶች በረሃውንና ባሕሩን አቋርጠው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደዋል። በመንገድ በደላላ እጅ የተሠቃዩ፣ በእስር የቆዩ፣ ተገድደው የተመለሱ ከመካከላቸው አሉ። በሬ ተሸጦ፣ ገንዘብ ተበድሮ የተላከ ልጅ ባዶ እጁን ሲመለስ የደረሰበትን ለማን ይናገራል? የተሸጠውን በሬ የሚያስታውሱ ሰዎች ፊት ተቀምጦ የራሱን መከራ መናገር ሰበብ መደርደር ይመስልበታል። ዝም ይላል፤ ዝምታውንም በጫትና በመጠጥ ያስታግሠዋል።

አራተኛው ጦርነቱ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በነበረው ጊዜ ቆቦና አካባቢዋ የጦርነቱ ግንባር ሆነው ከአንድ ጊዜ በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈዋል። ከዚያም በኋላ ሰላሙ ሙሉ አልሆነም። በዚህ ዘመን ሰው ለማን ምን እንደሚናገር መጠንቀቅን ተምሯል፤ አንድ ቃል ሕይወት ልታስከፍል ትችል ነበርና። ያ ጥንቃቄ በጊዜው ብዙዎችን አድኗል። ዛሬ ግን በሐዘንና በቅዠት የሚሠቃየውን ሰው አፉን እንደ ዘጋው አለ። እርሱም ለመተኛት ሲል ይጠጣል።

እንግዲህ ከፊታችን የቆመው ሰው «ለምን አያምነንም?» ብለን ከመቀየማችን በፊት አለማመንን ያስተማሩት አስተማሪዎች ስንት እንደ ነበሩ እንቁጠር።

ብቅል ያወጣው ቃል

አበው «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይላሉ። ሰው በጤናው ጊዜ የሸሸገውን በሞቅታ ሰዓት ያወጣዋል ማለት ነው። በዚህ አባባል ውስጥ ስለ ሱስ ብዙ የሚያስተምር ነገር አለ። ብዙ ሰው ስለ ሞተው ወንድሙ ያለቀሰው፣ ለጓደኛው ፍቅሩን የገለጠው፣ አባቱን የተቀየመበትን ምክንያት የተናገረው በመጠጥ ቤት ብቻ ነው። የጫቱም ስብሰባ እንዲሁ ነው። በምርቃናው ሰዓት ጨዋታው ይደምቃል፤ እቅዱ ይበዛል፤ ቃሚዎቹ ሁሉ ወንድማማች ይሆናሉ። ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ይመጣል፤ እርሱን ለመስበር «ጨብሲ» ተብሎ ወደ መጠጥ ይኬዳል። በነጋታው ማታ ማን ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም።

ስለዚህ ሱስን የተወ ሰው ከመጠጡ ጋር አብሮ የሚያጣው ብዙ ነው። የሚናገርበትን ቦታ፣ የሚያደምጡትን ጓደኞች፣ የሚያለቅስበትን ሰዓት ያጣል። ይህን ያልተገነዘበ መካሪ «መጥፎ ጓደኞችህን ተው» ብሎ ይሸኘዋል። ምክሩ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሰውየው ጓደኞቹን ይተውና ብቻውን ይቀራል። ተጠርጎ ባዶ የተተወው ቤት የቀድሞው ርኩስ መንፈስ ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎችን ይዞ እንደሚመለስበት በቅዱስ ወንጌል ተምረናል። ቤቱን ማጽዳት አንድ ሥራ ነው፤ ቤቱን በሚገባው ነገር መሙላት ሌላ ሥራ ነው።

ማገገም ማለት እንግዲህ ብቅል ሲያወጣው የነበረውን ቃል ያለ ብቅል ማውጣትን መማር ነው። ይህም ከባድ ትምህርት ነው። በስካር የተናገረ ሰው በነጋታው «መጠጡ ነው ያናገረኝ» ብሎ ያመልጣል። በጤናው የተናገረ ሰው ግን መውጫ የለውም፤ ቃሉ የራሱ ሆኖ ይቀራል፤ የሰማውም ሰው ነገ በመንገድ ያገኘዋል። ስለዚህ የሚሰማው ማን እንደ ሆነ አብዝቶ ቢጠነቀቅ ልንፈርድበት አይገባም።

የአባቶች መንገድ

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መፃጉዕ ይባላል። 38 ዓመት ታሞ የተኛው ያ ሰው፣ ጌታችን መዳን ይወድ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ በቀጥታ አዎን ብሎ አልመለሰም፤ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ተናገረ። ስለ ሕመሙ ተጠይቆ ስለ ብቸኝነቱ መለሰ። ጌታችንም የተጠየቅኸውን መልስ ብሎ አልገሠጸውም፤ ፈወሰው እንጂ። በሱስ የተያዘ ሰው ስለ መጠጡ ሲጠየቅ ስለ ሌላ ነገር ቢናገር፣ ስለ ሞተ ልጁ ወይም ስለ ተወሰደበት መሬት ቢያወራ፣ ካህኑ ይህን መሸሽ ብሎ አይቍጠረው። ምናልባት በሩ እየተከፈተ ያለው በዚያ በኩል ነው።

ሰኔ 24 ቀን መታሰቢያው የሚደረግለትን ቅዱስ ሙሴ ጸሊምንም እናስብ። በአስቄጥስ ገዳም ከመመነኰሱ በፊት ሽፍታና ወንበዴ ነበር። ከመነኰሰም በኋላ የቀድሞው ምኞት አልተወውም። እርሱም ውጊያውን ብቻውን አልተዋጋም፤ ወደ አባ ኤስድሮስ እየተመላለሰ የሚፈትነውን ሐሳብ ይገልጥ ነበር። አረጋዊውም በመመላለሱ አልተሰለቸም፤ እያጽናና ወደ በዓቱ ይመልሰው ነበር። የበረሃ አባቶች ልማድ ይህ ነበር፤ ሐሳብ ገና ሐሳብ ሳለ ለመንፈሳዊ አባት ይነገራል። ተግባር እስኪሆን ድረስ አይጠበቅም። ከሱስ ለሚያገግም ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለም። «ጠጣሁ» ብሎ ለመናገር ከመምጣት «ልጠጣ አማረኝ» ብሎ ለመናገር መምጣት ይሻለዋል። የተነገረ ሐራራ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የተደበቀ ሐራራ ግን ሰውየው ሳያውቅ እቅድ ይሆናል፤ መንገዱን ይመርጣል፤ ገንዘቡን ያዘጋጃል።

በሌላው ዓለምም በሱስ የተጎዱ ሰዎች በልምድ ወደዚሁ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ፣ በመጠጥ የተጎዱ አንድ የአክሲዮን ገበያ ሰውና አንድ ሐኪም ተገናኝተው እርስ በርሳቸው በመነጋገራቸው ሳይጠጡ መቆየት እንደ ቻሉ ተረዱ። ከዚያ የተነሣው ማኅበር ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛል። አባላቱ ከሚከተሏቸው 12 ደረጃዎች አምስተኛው የፈጸሙትን ጥፋት ለእግዚአብሔር፣ ለራስ፣ እንዲሁም ለአንድ ሌላ ሰው መግለጥ ነው። ለሕዝብ አላሉም፤ ለአንድ ሰው አሉ። ምሥጢረ ንስሐ ያላት፣ እያንዳንዱ ምእመን የነፍስ አባት እንዲኖረው የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ይህን ስትሰማ በእጇ ያለውን ሀብት ልታስታውስ ይገባታል።

ጎርፉን በቦይ

የራያ ገበሬ ጎርፍን ያውቃል። በሜዳው ዝናብ ሲጠፋ በምዕራቡ ደጋ የዘነበው በጎሊናና በሆርማት ይወርዳል። ያ ጎርፍ ሳይጠለፍ ቢመጣ ማሽላውን ነቅሎ፣ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ጨርሶ የተዘጋበት እርሻ ደግሞ ይደርቃል። ስለዚህ ገበሬው ጎርፉን ይጠልፋል፤ በትልቁ ቦይ ያስገባዋል፤ ከዚያም በትናንሽ ቦዮች እያከፋፈለ መሬቱ በሚችለው መጠን ያጠጣዋል።

ለዓመታት የተዘጋ ልብም እንዲሁ ነው። ሁሉን በአንድ ጊዜ፣ ለሁሉም ሰው ማፍሰስ ራሱን ሰውየውንም ቤተሰቡንም ሊጎዳ ይችላል። በስሜት ተነሣሥቶ ብድሩን፣ ውሸቱን፣ ዝሙቱን፣ በጦርነቱ ያየውንና ያደረገውን ሁሉ በአንድ ምሽት ለሚስቱ የዘረገፈ ሰው፣ በነጋታው የእርሷን ዕንባና ቍጣ መሸከም አቅቶት ወደ መጠጥ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር የሚሄድበት ቦይ ያስፈልገዋል።

ኃጢአቱና የኅሊናው ሸክም ወደ ነፍስ አባቱ ይሂድ። ስንት ይጠጣ እንደ ነበር፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደ ሆነ፣ ምን ሌላ ነገር ይወስድ እንደ ነበር፣ ይህ ሁሉ ወደ ጤና ባለሙያው ይሂድ። የየዕለቱ ሐራራና ድካም ደግሞ በቅርብ ላለ አንድ ወዳጅ ይነገር፤ በሌሊትም ቢሆን በሩ የሚንኳኳ፣ ወይም ስልክ የሚያነሣ ሰው ይሁን። ከቤተሰብ ጋር ያለው የዕዳና የበደል ነገር ጊዜውን ጠብቆ፣ አስፈላጊም ሲሆን ሽማግሌ ባለበት ይነገር። ራያ በዘወልድና በሌሎችም የሽምግልና ሥርዓቶች ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቅ የኖረ አገር ነው። ዕርቅ በአንድ ቀን ንግግር እንደማያልቅ፣ ዋስና ቀጠሮ፣ ትዕግሥትና መሐላ እንደሚፈልግ ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። ይህን ጥበብ ለደም ዕርቅ ብቻ ሳይሆን በሱስ ለፈረሰ ቤትም እናውለው።

ሚስትን፣ ወላጅንና ልጅን በሚመለከት ግን አንድ ነገር በጥብቅ እንናገራለን። የተታለለ ሰው ወዲያውኑ እንዲያምን አይገደድም። ሚስቲቱን «እርሱ ተመልሷል፤ አንቺ ለምን ትጠራጠሪያለሽ?» ብሎ መጫን ሁለተኛ በደል ነው። የጠፋ መታመን በትልልቅ መሐላ አይመለስም፤ በተፈጸሙ ትንንሽ ቃሎች ይመለሳል። «ከመምሸቱ በፊት እገባለሁ» ብሎ መግባት፣ የቀን ሥራ ገንዘቡን ሳይከፍቱት ለቤት ማስረከብ፣ «ዛሬ ከባድ ቀን ነበር» ብሎ እውነቱን መናገር፤ እነዚህ ሲደጋገሙ መታመን እንደ ዘር ይበቅላል። መደባደብ በነበረበት ቤትም የሚስትና የልጆች ደኅንነት ከዕርቁ ይቀድማል።

የምናደምጥበትም መንገድ ትምህርት ያስፈልገዋል። ያገገመ ሰው መጀመሪያ ከባዱን ነገር አይናገርም። ትንሽ ነገር ይናገርና ፊታችንን ያያል። ከደነገጥን፣ ከሰበክን፣ ወይም በማግሥቱ ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማ፣ ሁለተኛውን ነገር አይነግረንም። «ጠጣህ ወይስ አልጠጣህም?» የሚለው ጥያቄ እንደ ችሎት ነው፤ አዎን ወይም አይደለም ብሎ ያልፈዋል። «ዛሬ ከቀኑ የትኛው ሰዓት ከበደህ?» የሚለው ግን ለንግግር ቦታ ይሰጠዋል። ወድቆ ከተመለሰም «መቼ ነው መጀመሪያ ያሰብከው? ያን ጊዜ ለማን ልትነግር ትችል ነበር?» ብለን እንጠይቀው። ይህን የመለሰ ሰው ከውድቀቱ የተማረውን ይዞ ይነሣል። ንስሐ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ እንዳልሆነም ያውቅ።

ምሥጢር የሚጠበቅበት ቤት

አባቶች ካህናት፤ ሰው በንስሐ የተናገረውን መግለጥ በቀኖና ቤተ ክርስቲያን በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አደጋው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ስም ሳይጠራ ነው። «በዚህ አጥቢያ አንድ ወንድማችን እንዲህ ሆኖ ነበር» ተብሎ በዐውደ ምሕረት ምሳሌ ሲነገር፣ በትንሽ መንደር ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ያ ሰው ተመልሶ አይመጣም። እርሱን ያዩ ሌሎችም አይመጡም።

እንዲሁም ከሱስ የወጣ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ እንዲመሰክር አይገደድ። ፈቅዶና ጸንቶ ሲመሰክር ለሌሎች ብርታት ይሆናል። ገና በሁለተኛው ወር በጭብጨባና በእልልታ መካከል የቆመ ሰው ግን በሦስተኛው ወር ቢሰናከል ለመናገር ከቀድሞው ይልቅ ያፍራል። «ሰዎች የሚያውቁት የዳነውን እኔን ነው» ይላልና።

የሰበካ ጉባኤም ወሰኑን ይወቅ። ኮሚቴው ሥራ ማግኘትን፣ ዕርዳታን፣ ሕክምና ማድረስን ይመክራል፤ የማንንም ሰው ንስሐ አይጠይቅም፤ የሰዎችን የሱስ ታሪክ በቃለ ጉባኤ አይጽፍም። አንድ ሰው የነፍስ አባቱን ትቶ ሌላ ካህን ቢመርጥም ቅር አንሰኝ። ከነፍስ አባቱ ጋር በአንድ ሰንበቴ የሚቀመጥ፣ ወይም አባን ራሳቸውን ጽዋ አብዝተው ሲይዙ ያየ ሰው፣ ስለ መጠጥ ለእርሳቸው መናገር ሊከብደው ይችላል። ይህን በቀና ልብ መረዳት፣ ወደ ሌላ አባትም በፍቅር መምራት የእረኝነት ሥራ ነው።

አንድ ልዩ ጥንቃቄ እንጨምር። ከሱስ በሚያገግምበት ጊዜ መኖር እንደማይፈልግ የሚናገር ሰው ካለ ቃሉን አቅልለን አንለፈው። ብቻውን አንተወው። ፈቃዱን ጠይቀን፣ አብረነው ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። «ሂድና ታከም» ብሎ መላክ በዚያ ሰዓት አይበቃም፤ ከአጠገቡ መሄድ ያስፈልጋል።

ሥጋም ይታመማል

መናገር ነፍስን ብቻ አይደለም የሚያድነው፤ ሥጋንም ያድናል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አረቄ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በመጀመሪያው ቀን መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ውስጥ ሰውነትን የሚያንፈራግጥ፣ የሚጥል ሕመም ሊከሠት ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ አንዳንዶች ይቃዣሉ፤ የሌለ ነገር ያያሉ፤ የት እንዳሉ ይጠፋቸዋል። ይህ በሐኪም ክትትልና በመድኃኒት የሚረዳ ሕመም ነው፤ ሳይታከም ሲቀር ሊገድል ይችላል። ይህን ሁሉ የርኩስ መንፈስ ሥራ ብቻ አድርጎ መተርጎም፣ ወይም ሰውየውን አስሮ ያለ ምግብና ውኃ ማቆየት ነፍስ ያጠፋል። ስለዚህ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው ለሱባዔ ወይም ለጸበል ሲመጣ፣ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚጠጣና መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደ ሆነ በለሆሳስ እንጠይቀው፤ አስቀድሞ በጤና ጣቢያ ወይም በቆቦ ሆስፒታል እንዲታይ እናድርግ። ከዚያ በላይ ሲያስፈልግ ወልድያና ደሴ አሉ፤ በአዲስ አበባም የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ጫትን ያቆመ ሰውም ለጥቂት ቀናት ይደክመዋል፤ ይነጫነጫል፤ ዱካክ ያስጨንቀዋል። ይህ እንደሚያልፍ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይጸናል።

ጸበልና መድኃኒት ይጣላሉ የሚል ካለ ቅርብ ታሪካችንን ያስታውስ። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙዎች መድኃኒታቸውን ትተው ወደ ጸበል ብቻ በሄዱ ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። በዚያ ዘመን ካህናት በምክር አገልግሎት ሠልጥነው፣ ሰው ስሙን እንኳ ለመጥራት ይፈራው ስለ ነበረ ሕመም ከሕሙማን ጋር ተቀምጠው ተነጋግረዋል። ያ ልምድ ዛሬ ለሱስ ይጠቅመናል።

በሰንበቴ የሚቀርበው ጽዋ

ከሱስ የሚያገግም ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በጠላት ቤት አይደለም፤ በወዳጅ ቤት ነው። በሰንበቴ፣ በጽዋ ማኅበር፣ በዝክርና በተዝካር ጠላ ይቀዳል። «ለበረከት ቅመስ» ሲባል እምቢ ማለት ቅዱሱን ማቃለል ይመስልበታል። ምክንያቱን እንዲናገር ብንጠብቅ በሰው ሁሉ ፊት ገመናውን እንዲገልጥ ማስገደዳችን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። በማንኛውም የማኅበር ዝግጅት ላይ ከጠላው ጎን የሱፍ ውኃ፣ የተልባ ወይም ንጹሕ ውኃ በእኩል ክብር ይቅረብ፤ ማንም የወደደውን ሲያነሣ ለምን ተብሎ አይጠየቅ። ይህ ትንሽ ሥርዓት ብቻውን አንድን ሰው በማኅበሩ ሊያቆየው ይችላል።

ወጣቶችን በሚመለከትም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የአገር ሕግ የከለከለውን በዝክር ቤት ለልጆች መቅዳት አይገባንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች በእጃችን አሉ። እያንዳንዱ አጥቢያ ምሥጢር በመጠበቅ የተመሰከረላቸው፣ ራሳቸውም በመጠጥ የማይታሙ አንድ ወይም ሁለት ካህናትን፣ እንዲሁም ለሴቶች የሚቀርቡ አንዲት በሳል እናትን ለዚህ አገልግሎት ይምረጥ። እነርሱም በአቅራቢያቸው ካለው የጤና ባለሙያ ጋር ይተዋወቁ፤ ማንን፣ የትና መቼ እንደሚያገኙ ይወቁ። ከሱስ ወጥተው የጸኑ ሰዎች ፈቃደኛ ከሆኑ፣ ገና ለሚጀምሩት የቅርብ ወዳጅ ይሁኑ፤ በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው የሚሰማው ንግግር ከስብከት በፊት ይደርሳል። አረቄ በማውጣት የሚተዳደሩ እናቶችን ከመውቀስ አስቀድሞ ሌላ መተዳደሪያ የሚያገኙበትን መንገድ በልማት ሥራዎቻችን ውስጥ እናስብ። በመስኖው የሽንኩርትና የቲማቲም ማሳ በሥራ ወቅት ሰው ይፈለጋልና፣ ላገገሙ ወጣቶች የሚታመኑበት ሥራ እንፈልግላቸው፤ አደራ የተሰጠው ሰው መታመንን በተግባር ይማራል። በራያ ሜዳ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሱስም ሃይማኖት አይጠይቅም። ስለዚህ ከመስጊድ አባቶችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር በዚህ ነገር መመካከር ይገባናል።

ከሁሉ በላይ ግን ጊዜ ያስፈልጋል። ለዓመታት የተዘጋ አፍ በአንድ ሱባዔ አይከፈትም። ዛሬ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ፣ እያንዳንዳችሁ ከማኅበር የቀረ፣ መንገድ የሚቀይር አንድ ሰው እንዳለ ታስባላችሁ። ያን ሰው ለመምከር አትቸኩሉ። ቤቱ ሂዱ፤ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ጠይቁት፤ ቡናው ካለ ጠጡ። ስለ መጠጡ ባታነሡም ግድ የለም። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሂዱ። ከብዙ ጉብኝት በኋላ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቴ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ» ያለ እንደ ሆነ፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትታችሁ ስሙት። የሰማችሁትንም ጠብቁት።

የተዘጋውን የሚከፍት እግዚአብሔር አምላካችን ለሚናገሩት ድፍረትን፣ ለምንሰማው ትዕግሥትን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።